ማዕድና ሰዋስው

ብሩዥ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሱፍ፣ የፈረንሳይ ወይንና የሩቅ ምሥራቅ ቅመም የሚገናኙባት የንግድ ከተማ ነበረች። ዛሬ ቤልጂየም ውስጥ በምትገኘው በዚህች ከተማ፣ በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ግድም አንድ የቋንቋ ማስተማሪያ ጽሑፍ ተዘጋጀ። ፈረንሳይኛውን በአንድ ረድፍ፣ ፍላማንኛውን በሌላው አሰልፎ ተማሪውን በሰላምታ ይጀምረዋል፤ ከዚያ የቤት ዕቃ ያስቆጥረዋል፤ ቀጥሎ ወደ ሥጋው፣ ወደ ዓሣው፣ ወደ ፍራፍሬው ይወስደዋል፤ በኋላም በየባለሙያው ደጃፍ ያዞረዋል። የማተሚያ መኪናን ለእንግሊዝ ያስተዋወቀው ዊልያም ካክስተን ይህንኑ ጽሑፍ፣ ፍላማንኛውን በእንግሊዝኛ ተክቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1483 ገደማ ዌስትሚንስተር በነበረው ማተሚያ ቤቱ አሳተመው። እንግሊዝኛ ከሌላ ሕያው ቋንቋ ጎን ቆሞ ለመማሪያ ከታተመባቸው ቀደምት መጻሕፍት አንዱ ይኸው ነው። የሰዋስው ሕግ አይገኝበትም። የሚገኝበት የሚበላ፣ የሚለበስና የሚሸጥ ነገር ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ምግብ በእንግሊዝኛ ትምህርት ውስጥ የያዘው ቦታ ይበልጥ ጎልቶ ወጣ፤ ምክንያቱ ደግሞ ስደት ነበር። በፈረንሳይ የሃይማኖት ጦርነት፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1572 በቅዱስ በርተሎሜዎስ ዕለት ከተጀመረው ጭፍጨፋ በኋላ፣ ብዙ የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች ባሕሩን ተሻግረው ለንደን ገቡ። ከእነሱ መካከል የነበረው መምህር ዣክ ቤሎ በ1580 አንድ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ፣ በ1586 ደግሞ የምልልስ መጽሐፍ አወጣ። የምልልሱ መጽሐፍ የስደተኛ ቤተሰብን ቀን ይከተላል፦ ከእንቅልፍ መነሣት፣ ልጆችን ትምህርት ቤት መስደድ፣ ከዶሮ ሻጩ፣ ከዓሣ ነጋዴውና ከሥጋ ሻጩ ጋር ዋጋ መከራከር፣ ከዚያም ማዕድ ላይ መቀመጥ። ገጹ በሦስት ዓምድ የተከፈለ ነው። አንዱ እንግሊዝኛውን፣ ሁለተኛው የፈረንሳይኛ ፍቺውን፣ ሦስተኛው እንግሊዝኛውን ፈረንሳዊ አንባቢ እንዲጠራው አድርጎ የጻፈበት ነው። ደብተሩ ጠርዝ ላይ «ሀው ማች» ብሎ በፊደል እየጻፈ እንግሊዝኛ ያጠና የአዲስ አበባ ተማሪ ይህን ሦስተኛ ዓምድ ቢያየው አይገረምም። ሁለቱም ያገኙት አንድ ዘዴ ነው፤ አራት መቶ ዓመት ይለያያቸው እንጂ።

በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ያለው ማዕድ የገበያ ማዕድ ነው። የገበያ ቋንቋ ደግሞ በአሁን ጊዜ የሚኖር ነው፦ ስንት ነው፣ ውድ ነው፣ ይህን ስጠኝ፣ ትኩስ አይደለም። ሥጋው ነገ በበላተኛው ላይ ምን እንደሚያደርግ ሻጩም ገዢውም አይነጋገሩበትም። የወደፊቱ ጊዜ ወደ ትምህርቱ የገባው በሌላ በር፣ በሰዋስው ሊቃውንት በኩል ነው።

የሒሳብ ሊቅነቱ ይበልጥ የሚታወቅለት ጆን ዎሊስ እ.ኤ.አ. በ1653 ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ለባዕዳን የታሰበ ስለነበር የጻፈው በላቲን ነው። ከዚህ መጽሐፍ የተረፈው ዝነኛ ሕግ የ«ሻል»ና የ«ዊል» ነው። ተናጋሪው ስለ ራሱ ሲናገር «ሻል» ካለ የሚሆነውን ብቻ ይናገራል፣ «ዊል» ካለ ግን ቃል ይገባል ወይም ይዝታል፤ ስለ ሁለተኛና ስለ ሦስተኛ ሰው ሲናገር ነገሩ ይገለበጣል። ይህን ደንብ በተማሪ ጭንቅላት ለማስቀመጥ መምህራን ለብዙ ትውልድ አንድ ቀልድ ሲነግሩ ኖረዋል። አንድ የባዕድ አገር ሰው ወንዝ ውስጥ ወድቆ ሊሰጥም ሲል ሁለቱን ቃላት አቀያይሮ ይጮኻል፤ ዳር የቆሙት እንግሊዞችም «ልስጠም፣ ማንም እንዳያወጣኝ» ያለ መስሏቸው ፈቃዱን አክብረው ዝም አሉ። ቀልዱ ከሕጉ ዕድሜ ረዘም ሳይል አይቀርም፤ ዛሬ «ሻል» ከንግግር እየወጣ በጥያቄና በውል ሰነድ ብቻ ቀርቷልና።

ሕጉን አስቸጋሪ ያደረገው የቃላቱ አመጣጥ ነው። «ዊል» በጥንቱ እንግሊዝኛ «መፈለግ» ማለት ነበር፤ «ሻል» ደግሞ «ዕዳ መያዝ፣ ግድ መሆን»። «ጎይንግ ቱ» የሚለው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ቀስ በቀስ የመጣ ሲሆን መነሻው አንድን ነገር ለማድረግ በእግር መሄድ ነው። እንግሊዝኛ ግሡን ራሱን ለውጦ ወደፊትን የሚያሳይበት መንገድ የለውም፤ ፍላጎትን፣ ዕዳንና ጉዞን ተውሶ ነው ነገን የሚናገረው።

አማርኛም በዚህ ረገድ የራሱ ልማድ አለው። በቅኔ ቤት ሰዋስው — ስሙ ራሱ በግእዝ «መሰላል» ማለት ነው — ያልተፈጸመውን ድርጊት የሚያሳየው የግሥ መልክ «ትንቢት» ይባላል። ሆኖም ይህ ትንቢት ለዛሬም ያገለግላል። «ጎመን እበላለሁ» ያለ ሰው ዘወትር እንደሚበላ ወይም ነገ እንደሚበላ የሚለየው «ሁልጊዜ» እና «ነገ» በሚሉት ቃላት ነው። «ልበላ ነው» ሲል ግን ነገሩ ተወስኖ እጁን ሊታጠብ የተነሣ ያህል ቀርቧል፤ ይህም ለ«ጎይንግ ቱ» በጣም የሚቀርብ አማርኛ ነው። «ዊል» ማለት «ወደፊት» ማለት ነው ብሎ የሚያሳጥር መምህር የተማሪውን ድካም የቀነሰ ይመስለዋል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ «እበላለሁ»ን ሁሉ በ«ዊል» የሚተረጉም፣ በየቀኑ የሚበላውን ቁርስ እንኳ ነገ የሚበላ አስመስሎ የሚጽፍ ተማሪ ነው።

በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሰዋስው መጻሕፍት ማዕዱን ከክፍል አስወጡት ማለት ይቻላል። ሊንድሊ መሪ የተባለው በዮርክ የኖረ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1795 ያሳተመው መጽሐፍ ለአሥርት ዓመታት በእንግሊዝም በአሜሪካም ትምህርት ቤቶች ነገሠ፤ ምሳሌዎቹ ግን ምግባርን የሚያስተምሩ እንጂ ዳቦና ዓሣን የሚያነሡ አልነበሩም።

ምግብ ወደ ትምህርት ቤት የተመለሰው በጤና ስም ነው። ብሪታንያ ከ1899 እስከ 1902 በደቡብ አፍሪካ ከቦሮች ጋር ስትዋጋ፣ ለውትድርና ከቀረቡት የከተማ ወጣቶች ብዙዎቹ በአካል ብቃት ማነስ ተመለሱ። ጉዳዩ አገሩን አስደነገጠ። እ.ኤ.አ. በ1904 አንድ የመንግሥት ኮሚቴ ስለ ሕዝቡ አካላዊ ሁኔታ ሪፖርት አቀረበ፤ በ1906 የወጣ ሕግ የየአካባቢው አስተዳደር ለተራቡ ተማሪዎች ምሳ እንዲያቀርብ ፈቀደ፤ በማግሥቱ ዓመትም ተማሪዎችን በሐኪም ማስመርመር ተጀመረ። ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በ1912፣ ለንደን ውስጥ ይሠራ የነበረው ፖላንዳዊ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ካሲሚር ፈንክ የላቲኑን «ሕይወት» ከአንድ የኬሚስትሪ ቃል ጋር አጣምሮ ቪታሚን የሚለውን ስም ፈጠረ። ንጥረ ነገሮቹ ሁሉ የዚያ የኬሚስትሪ ዘር አለመሆናቸው ሲታወቅ፣ ስሙ እንዳያሳስት በ1920 ከመጨረሻው አንዲት ፊደል ተቆረጠች።

ይህ የምግብ ሳይንስ በእንግሊዝኛው ላይ ሁለት አሻራ ጣለ። የመጀመሪያው የወደፊቱ ጊዜ ነው። ጤና ማዕዱ ላይ ከተቀመጠ ወዲህ የምግብ ንግግር ስለ ዋጋ መሆኑ ቀርቶ ስለ ውጤት ሆነ፦ ይህን ከበላህ እንዲህ ትሆናለህ፣ ያን ካልተውክ እንዲያ ያገኝሃል። የጤና ምክር ያለ ነገ አይነገርም። ሁለተኛው አሻራ በቃላት ግንባር ላይ የሚለጠፉት ቅድመ ቅጥያዎች ናቸው። ሚዛን ስለ መጠበቅ የሚናገር ሳይንስ በማነስና በመብዛት፣ በመስተካከልና በመዛባት መካከል እየለካ የሚሄድ ነውና፣ አንዱን ቃል ይዞ ከፊቱ ምልክት መቀያየር ተመቸው።

ቅጥያዎቹ ከሁለት ጎራ የመጡ ናቸው። «አን-»፣ «ሚስ-»፣ «ኦቨር-» እና «አንደር-» የጥንቱ እንግሊዝኛ የራሱ ልጆች ናቸው፤ «ማል-»፣ «ዲስ-»፣ «ፕሪ-» እና «ሪ-» ደግሞ ከላቲን፣ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንሳይኛ በኩል፣ የገቡ ናቸው። ያልበሰለውንና ከልክ በላይ የበሰለውን፣ የከሳውንና የወፈረውን በአንድ ግንድ ላይ ማንሣት ያስቻሉት እነዚህ ናቸው። ለአማርኛ ተናጋሪ «አን-» አይከብደውም፤ «ያልታጠበ»፣ «ያልበሰለ»፣ «ያልተመጣጠነ» ሲል «ያል» ተመሳሳይ ሥራ ትሠራለች። ከግእዝ የመጣችው «ኢ-» በ«ኢ-ፍትሐዊ» ውስጥ አለች፤ «ቅድመ ወሊድ» እና «ድኅረ ወሊድ» ያለ የጤና ባለሙያም ቅጥያ ተጠቅሟል። ችግሩ «ኦቨር-» እና «አንደር-» ላይ ነው። አማርኛ ለእነሱ ተለጣፊ የለውም፤ «ከመጠን በላይ»፣ «ከልክ ያለፈ»፣ «ከሚገባው በታች» እያለ ሐረግ ያሰልፋል። ተማሪው ሐረጉን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው አንድ ቃል የሚበቃው ሐሳብ አራት ቃል ይሆንበታል።

ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስተው ግን በ«ማል-» የሚጀምረው፣ በአማርኛ «የተመጣጠነ ምግብ እጥረት» ተብሎ የተተረጎመው ቃል ነው። ቅጥያው «መጥፎ፣ የተበላሸ» እንጂ «ማነስ» አይልም። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ በሚጠቀምበት ትርጉም የቀጨጨውም ሕፃን፣ ከልክ በላይ የወፈረውም ጎልማሳ በዚሁ ቃል ሥር ይገባሉ። «እጥረት» ያለው አማርኛ ግን ወፍራሙን ሰው ከበሽታው አስወጥቶታል። «የሥርዓተ ምግብ መዛባት» የሚለው አነጋገር ይሻላል፤ በሰው አፍ ግን የኖረው ያኛው ነው።

በ1930 ቻርልስ ኦግደን የተባለው እንግሊዛዊ እንግሊዝኛን በ850 ቃላት አሳጥሮ ለዓለም አቀረበ። ዕቅዱ እሱ እንዳሰበው የዓለም መግባቢያ ባይሆንም፣ ለጀማሪ ምን ይበቃዋል የሚለውን ጥያቄ በድፍረት የመለሰ ስለሆነ ማየቱ ይጠቅማል። ዳቦ፣ ቅቤ፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ሩዝ፣ ጨውና ሾርባ ከዝርዝሩ ገብተዋል፤ «ጤናማ» የሚለው ቅጽልም እንዲሁ። ከቅድመ ቅጥያዎች «አን-» ተፈቅዳለች። «ዊል» ገብቷል፣ «ሻል» ቀርቷል፤ የዎሊስ ሕግ በዚህ ብልሃት ተዘለለ። የሚገርመው «መብላት» የሚለው ግሥ አለመኖሩ ነው። ኦግደን ግሦችን ሁሉ ወደ 18 አውርዶ ስለነበር፣ የእሱ ተማሪ ምግብ «ይወስዳል» እንጂ አይበላም።

የኦግደን ዝርዝር ከቃላት የተነሣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የአውሮፓ ምክር ቤት ያወጣውና ያን ቫን ኤክ ያዘጋጀው የእንግሊዝኛ መለኪያ ግን ከሰው ጉዳይ ተነሣ፦ አንድ ባዕድ በዚያ ቋንቋ ለመኖር ስለ ምን መናገር አለበት? ከመለሳቸው ርእሶች መካከል ምግብና መጠጥ አንዱ፣ ጤና ሌላው፣ ገበያ መውጣትም ሌላው ነበሩ። ቤሎ በ1586 ለስደተኞቹ የመረጠው ነገር በኮሚቴ ተጠንቶ ተመለሰ ማለት ነው። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ከዚያ ወዲህ ምዕራፎችን በርእሰ ጉዳይ እየሰየሙ ሰዋስውን በውስጣቸው መሸጎጥ ለመዱ፤ «ምግብና ጤና» የተባለው ምዕራፍም የወደፊቱን ጊዜና ቅድመ ቅጥያን ለመሸከም የተመቸ ሆኖ ተገኘ።

ኢትዮጵያ ውስጥ እንግሊዝኛ ሲጀመር ሁለተኛ ሰው ነበር። በ1901 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ በመጡ የኮፕት መምህራን ሲመራ እንግሊዝኛን ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር ቢያስተምርም፣ የቤተ መንግሥቱና የጅቡቲው ባቡር ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት የመሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ በሕፃንነታቸው ከመቅደላ በእንግሊዝ መኮንኖች ተወስደው ሕንድ ያደጉ ስለነበሩ፣ እንግሊዝኛቸው የአፍ መፍቻ ያህል ነበር፤ ይሁንና በዚያም ፈረንሳይኛው አልተነቀነቀም። የሚዛኑ ለውጥ የመጣው ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ነው። የብሪታንያ ጦር ከአርበኞች ጋር ጣሊያንን አስወጥቶ አገር ውስጥ በቆየባቸው ዓመታት እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ሆነ። የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም.፣ ጄኔራል ዊንጌት ደግሞ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተከፈቱ። መጻሕፍቱ ከውጭ ይመጡ ስለነበር በውስጣቸው ያለው ማዕድም የውጭ ማዕድ ነበር፤ እንጀራ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ ለመቀመጥ ገና ብዙ መጠበቅ ነበረበት።

እ.ኤ.አ. በ1962 ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጥተው አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማር ጀመሩ፤ በዚያው ዓመት በስዊድን ድጋፍ የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ተቋቋመ፣ በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። «ፋፋ» የተባለው የሕፃናት ምግብ የዚህ ሥራ ፍሬ ነው። ስሙ ራሱ ባህሉን ይናገራል። መፋፋት ምርቃት ነው፤ «ወፈርክ እኮ» የተባለ ሰው እንደተመሰገነ ይቆጥረዋል እንጂ ሐኪም ቤት አይሄድም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1960ዎቹ አጋማሽ በወሎ የደረሰው ረሃብ ያን ስሜት ይበልጥ አጠነከረው። እንግዲህ «ኦቨር-» የተቀጠለበት የክብደት ቃል ወደ እንዲህ ያለ ክፍል ሲገባ፣ መምህሩ ቅጥያውን ብቻ ሳይሆን ውፍረት ለምን እንደ ችግር እንደሚቆጠርም ማስረዳት ነበረበት።

ተማሪው ወደ እንግሊዝኛው ምዕራፍ ባዶ እጁን አልመጣም። በአንደኛ ደረጃ የሳይንስ ትምህርት «ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ» ብሎ ምግብን በሦስት መክፈል በቃሉ ያውቃል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥና በሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። በዚህ ፖሊሲ ዘመን፣ በ2003 ዓ.ም. አካባቢ በታተመው የ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ አራተኛው ምዕራፍ «ምግብ ለጤና» የሚል ነው፤ ሰባተኛው ደግሞ ስለ ወደፊት ከተሞች ያወራል። በአማርኛ «ኃይል ሰጪ» ያለው ልጅ በዚያ «ካርቦሃይድሬት» ይላል፤ ዕውቀቱ አንድ ነው፣ የሚለወጠው ስሙ ነው።

በዚህ ዓይነት ምዕራፍ ሰሌዳው ላይ ዘወትር የሚጻፈው «ስኳር ካበዛህ ጥርስህ ይበሰብሳል» የሚል ዐረፍተ ነገር ነው። እንግሊዝኛው በመጀመሪያው ክፍል የአሁኑን ጊዜ፣ በሁለተኛው «ዊል»ን ይፈልጋል። አማርኛው ግን «ካበዛህ» ሲል የተጠቀመው ያለፈውን ጊዜ የግሥ መልክ ነው፤ ያልሆነ ነገር በሆነ ግሥ ይነገራል። ተማሪው ታዲያ ወይ ያለፈውን ጊዜ ይጽፋል፣ ወይም ነገሩ ወደፊት ነው ብሎ ሁለቱም ላይ «ዊል» ይከምራል። ሁለቱም ስህተት ከአእምሮ ጉድለት የመጡ አይደሉም። ከዚህ ቀጥሎ የሚጻፈው ምክር፣ ወተትና እንቁላል በየቀኑ የሚለው፣ ሌላ ጉዳይ ያመጣል። የኦርቶዶክስ ተማሪ በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ከእነዚህ ምግቦች ይጾማል፤ ትምህርቱ ዓርብ ቀን ከዋለ ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው ትክክል፣ በክፍሉ ውስጥ ግን ሐሰት ይሆናል። ብልህ መምህር ወተቱን አጥፍቶ ሽሮ ይጽፋል።

በ1997 ዓ.ም. ትምህርቱ በሳተላይት ቴሌቪዥን ወደየክፍሉ ሲገባ — ሕዝቡ «ፕላዝማ» ያለው ይህ ነው — ይህን ወተት አጥፍቶ ሽሮ የመጻፍ ዕድል ጠበበ። ፕሮግራሙ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ በተቆረጠለት ሰዓት ይሠራጭ ነበር፤ የስክሪኑ መምህር ይጠይቃል፣ ለመልስ የተመደበችው ሰከንድ ስታልቅ ራሱ ይመልስ ነበር። የክፍሉ መምህር የሚደርሰው ከመጀመሪያና ከመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ነበር። መብራት ከጠፋ ደግሞ ምዕራፉ አብሮ ይጠፋ ነበር፤ ያመለጠው ትምህርት ተመልሶ አይመጣም ነበር።

ከክፍል ውጪ ቃላቱ በራሳቸው መንገድ ከተማ ገብተዋል። ካሎሪ፣ ኦርጋኒክና ቪታሚን ትርጉማቸውን ብዙም ሳይለቁ አማርኛ ሆነዋል። «ዳይት» ግን መንገድ ቀይሯል። በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ቃሉ ሰው ዘወትር የሚበላውን ምግብ ሁሉ ያመለክታል፤ ምንጩ የሆነው የግሪክ ቃልም «የአኗኗር ሥርዓት» ማለት ነበር። በአዲስ አበባ «ዳይት ላይ ነኝ» ያለች ወጣት ግን እንጀራ ቀንሳለች ማለት ነው። ይህን ከሰፈሩ የሰማ ተማሪ በምዕራፉ መጀመሪያ ላይ «ሚዛናዊ ዳይት» የሚለውን ሲያነብ፣ ሚዛኑን ጠብቆ መራብ እንዴት እንደሚቻል መምህሩን ይጠይቃል።